ትንሽ ቤት ወይስ ትልቅ ቤት? የሰንጋ ተራ አከራዮች ታሪክ

በተማሪ መካከል የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። ተመርቆ ሥራ የያዘ ሰው ጥቂት ገንዘብ ቢያጠራቅምና «የሚከራይ ቤት ልግዛ» ብሎ ቢነሣ፣ የትኛውን ይግዛ? ስቱዲዮ ነው የሚሻለው ወይስ ባለ ሦስት መኝታ? ግማሹ «ትንሿ ቤት ጾም አታድርም፤ ሁልጊዜ ሰው አላት» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ትንሽ ቤት ትንሽ ገቢ ነው፤ ጣጣዋ ግን የትልቅ ቤት ጣጣ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሒሳብ ይሠራል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ ድምፅ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ተከራካሪው ሁሉ ወደ ተከራየው ክፍል ገብቶ ይተኛል።

ክርክሩ አይናቅም። ነገር ግን ዛሬ የተጀመረ ይመስል የምንከራከረው ታሪኩን ስለማናውቅ ነው። ከኮሜርስ ግቢ አጥር ውጭ ያለው ሰንጋ ተራ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሶታል። አንዴ አከራዩ በሒሳብ መለሰው፤ አንዴ መንግሥት በአዋጅ መለሰው፤ አንዴ ደግሞ ግሬደር መጥቶ መለሰው። የሦስቱም መልስ የተለያየ ነው። እንግዲህ በዚህች ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የኪራይ ቤት መጠን የክፍል ቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን እንደሚከራየው፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ሕግ በመጣ ጊዜም መጀመሪያ የማን በር እንደሚንኳኳ የሚወስነው ይኸው መጠኑ ነው።

፩

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች። ንጉሡ በከፍታው ላይ፣ መኳንንቱም በየኮረብታው ሰፈሩ፤ በየመኳንንቱ ዙሪያም ሎሌውና ወታደሩ ጎጆውን ቀለሰ። በዚያን ጊዜ ቦታ ከላይ የሚሰጥ ነገር ነው እንጂ በገበያ የሚገኝ አልነበረም። ወደ 1900 ዓ.ም. ገደማ ግን ምኒልክ በከተማው ውስጥ ቦታን በግል መያዝንና መሸጥን በደንብ ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ ቦታ ዋጋ አወጣ፤ ዋጋ ያወጣ ነገር ደግሞ ኪራይም ያወጣል።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከለገሃር እስከ ሰንጋ ተራ ያለው አገር የመጤ ማረፊያ መሆን ጀመረ። ሰንጋ ተራ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግረናል፤ ሰንጋ የሚሸጥበት ተራ ነው። የከብት ገበያ ባለበት ነጋዴ ያድራል፤ ነጋዴ ባደረበት ጠላና ጠጅ ይጠመቃል፤ ጠጅ ባለበት ደግሞ አልጋና ክፍል ይፈለጋል። በኋላም ኮሜርስ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ተግባረ እድም በአቅራቢያው አለ። ጸሐፊው፣ ተላላኪው፣ ተማሪው፣ የሆስፒታል ሠራተኛው ሁሉ በእግሩ ሥራው የሚደርስበት ቦታ ፈለገ።

ይህን ሁሉ ሰው ያስገባው ማን ነው? መንግሥት አይደለም። ባንክም አይደለም። ያስገባው ትንሹ አከራይ ነው። የከተማው ሰፊ መሬት በመሳፍንቱ፣ በባለ ሥልጣኑና በቤተ ክርስቲያን እጅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከእነዚያ በታች ግን አንዲት ቁራሽ ቦታ የገዛ ጡረተኛ ወታደር፣ ጠጅ ሸጣ ያጠራቀመች ሴት፣ ዕቁብ የወጣለት ሸማኔ ነበሩ። ጀማሪ «ኢንቬስተር» ማለት እነዚህ ናቸው፤ ቃሉን ባያውቁትም ነገሩን ያውቁታል።

፪

ታዲያ ትንሹ አከራይ ምን ዓይነት ቤት ሠራ? ዋናውን ቤት ከፊት ሠርቶ ራሱ ገባበት። ከዚያም አጥሩን ተከትሎ በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ አንድ ክፍል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ክፍል ቀጠለ። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ወለሉ አፈር ነው። አንድ በር፣ ቢበዛ አንድ መስኮት። ሽንት ቤቱ ለሁሉም አንድ፤ ቧንቧ ካለም ለሁሉም አንድ።

ይህ ምርጫ የድንቁርና ምርጫ አልነበረም። ሒሳቡን እንየው። አንድ ሰው በያዘው ገንዘብ በወር 75 ብር የሚከራይ አንድ ደህና ቤት፣ ወይም እያንዳንዱ 15 ብር የሚከራይ አምስት ክፍል መሥራት ይችላል እንበል። ሁሉም በተያዘ ጊዜ ገቢው እኩል 75 ብር ነው። የደህናው ቤት ተከራይ ቢለቅ ግን ገቢው በአንድ ቀን ዜሮ ይሆናል። ከአምስቱ አንዱ ቢለቅ 60 ብር ይቀራል። ሁለቱ ባይከፍሉ እንኳ 45 ብር አለ፤ የቤቱ እሳት አይጠፋም።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ትልቅ ቤት እስኪያልቅ ድረስ ምንም አይሰጥም። ግማሽ ቪላ የሚከራይ ማንም የለም። አንዲት ክፍል ግን በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ አልቃ ሰው ትቀበላለች፤ የእርሷ ኪራይ የሁለተኛዋን ቆርቆሮ ይገዛል፤ የሁለቱ ኪራይ የሦስተኛዋን ማገር። እንዲህ እያለ ቤት ቤትን ይወልዳል። ብድር ለማያገኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ዕቁቡ ባንኩ፣ ዕድሩ ኢንሹራንሱ፣ አጥሩም ፕላኑ ነበር።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ። አምስት ክፍል ማለት አምስት በር፣ አምስት ጸብ፣ አምስት ጊዜ «ደመወዝ አልወጣም» መስማት ነው። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ የትንሿ ክፍል ትርፍ በአብዛኛው የመጣው ካልተሠራው ነገር ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀም አራቱ ሽንት ቤቶች ስላልተሠሩ አከራዩ አተረፈ። የውሃ መውረጃ ስላልተቆፈረ አተረፈ። ኩሽና ስላልተሠራ አተረፈ። ያን ጊዜ ያልተከፈለው ዋጋ ግን አልጠፋም፤ ተከራዩ በጤናው ከፈለው፤ ከተማውም በኋላ በሌላ መልክ ከፈለው።

፫

ትልቁን ቤት የመረጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በእ.ኤ.አ. 1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በእ.ኤ.አ. 1963 መቀመጫቸውን አዲስ አበባ ካደረጉ ወዲህ ዲፕሎማትና የውጭ አገር ባለሙያ በብዛት ገባ። ለእነዚህ ቪላ ያስፈልጋል፤ ኪራያቸውም በብዙ መቶ ብር የሚቆጠር ነው። ለዚህ ገበያ የሠራው ባለ ሥልጣኑ፣ ባለ ርስቱና ትልቁ ነጋዴ ነው። የቤት ብድር የሚሰጡ ድርጅቶችም በዚያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቋቁመው ነበር። ግን ብድር የደህና ደመወዝተኛና የባለ ርስት ደብተር ነገር ነው። ዕቁብተኛው ወደዚያ በር አይደርስም።

ስለዚህ «ትልቅ ወይስ ትንሽ» የሚለው ጥያቄ በአባቶቻችን ዘመን እውነተኛ ምርጫ ነበር ማለት ያስቸግራል። ትልቁን የሚመርጠው ብድር ያለው ነው። ትንሹን የሚመርጠው ብድር የሌለው ነው። ምርጫ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የኪስ ትእዛዝ ነው፤ በኋላ ነው ጥበብ ብለን የምንጠራው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ የገጠሩን ጭሰኛ አሰበ። የከተማው ተከራይ ግን መፈክር አልነበረውም። ብዙው የአዲስ አበባ ሰው በሰው ቤት ወይም በሰው ቦታ ላይ ይኖር ነበር፤ ተማሪውም ራሱ ከእነዚያ አንዱ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ የመጣውም ከላይ ነው።

፬

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ተባለ። ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከአንዱ ቤት በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ሆነ። ቤት አከራይቶ መኖርም ቀረ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት። አዋጁ በአከራዩ በኩል ትንሽና ትልቅ ብሎ አልለየም። ሃምሳ ቪላ የነበረው መስፍንና ከጓሮዋ አምስት የጭቃ ክፍል የነበራት ጠጅ ሻጭ በአንድ ቃል ተጠሩ፤ ሁለቱም ባለ ትርፍ ቤት ናቸው። በራሷ ግቢ ውስጥ፣ በራሷ አጥር ላይ የቀጠለቻቸው ክፍሎች የሌላ ሆኑባት። ከኪራይ በቀር ሌላ መተዳደሪያ ለሌለው ሰው በወር እስከ 250 ብር የሚደርስ አበል እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር። ለቤቱ ካሳ ይከፈላል ተብሎም ነበር፤ ያ ግን ለብዙው ሰው ወረቀት ላይ ቀረ።

ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ግን መጠን እንደገና ቁም ነገር ሆነ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። መቶ ብር! ይህች አንዲት መሥመር የከተማችንን ቤቶች ለሁለት ከፈለቻቸው። ከመሥመሩ በላይ ያለው ቪላ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚባለው ድርጅት ወራሽ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከመሥመሩ በታች ያለችው የሰንጋ ተራ ክፍል «የቀበሌ ቤት» የሚለውን ስም አገኘች፤ ከስሟም ጋር ዕጣዋን።

ለተከራዩ የመጀመሪያው ቀን የደስታ ቀን እንደ ነበረ መካድ አይገባም። እስከ 300 ብር የነበሩ ኪራዮች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሱ። «ነገ ውጣ» የሚል ባለቤት ጠፋ። ለዘበኛው፣ ለልብስ አጣቢዋ፣ ለተላላኪው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በልጅነቱ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤቴ» አለ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ቀስ እያለ ነው። ኪራዩ በዚያው በጥቂት ብር ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆመ። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና እንጨት ግን አልቆሙም። ቀበሌ ከምትሰበስበው ሳንቲም ቤቱን ማደስ አትችልም፤ ተከራዩ የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ ማውጣት ይፈራል፤ የቀድሞዋ ባለቤት ደግሞ በዚያው ግቢ ከፊት ቤቷ ተቀምጣ ክፍሉ ሲዘም ታያለች። አንድ ቤት ሦስት ባለቤት እያለው ጠጋኝ አጣ። የመሥመሩ የታችኛው ወገን ይህን ሆነ።

የሚገርመው ግን ትንሹ አከራይ አልሞተም። በቀበሌ ቤት ውስጥ ተመልሶ ተወለደ! በጥቂት ብር የተከራየው ሰው መሐል ላይ መጋረጃ ወይም ኮምፖርሳቶ አቁሞ ደባል አስገባ። ደባሉም የሚከፍለው ዋናው ተከራይ ለቀበሌ ከሚከፍለው በብዙ የሚበልጥ ነው። አዋጅ ኪራይን ቢከለክልም ፍላጎትን አልከለከለም። ክፍሏ ግን በፊት ከነበረችው በግማሽ አነሰች።

፭

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኤኮኖሚ ሲታወጅ ለኪራይ ቤት መሥራት እንደገና ተፈቀደ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ቤት የግል፣ ቦታ ግን የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀጠለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህንኑ አጸና። ቦታው በሊዝ ይሰጥ ጀመር። ሰንጋ ተራ ደግሞ የከተማው መሐል ናትና የሊዝ ዋጋዋ ከጭቃ ክፍል ጋር አብሮ የሚሄድ አልነበረም።

የመልሶ ማልማት ፕላኑ የመጣው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ነው። ቤቶቹ ፈረሱ። በዚህ ጊዜ ሰው የተመደበው በያዘው ወረቀት ልክ ነው። ካርታ ያለው ለቤቱ ካሳና ምትክ ቦታ አገኘ። የቀበሌ ተከራይ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት ወይም፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከቻለ፣ ኮንዶሚኒየም እንዲመርጥ ተደረገ። ደባሉ ግን በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ኪራይ ሲከፍል የኖረው እርሱ ነው፤ ባዶ እጁን የወጣውም እርሱ ነው።

ዛሬ በዚያ ቦታ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ቆመዋል። በሰንጋ ተራና በክራውን የተሠሩት የ40/60 ሕንፃዎችም በ2009 ዓ.ም. ተጠናቀው፣ መኖሪያና ንግድ ቤት ተደምሮ 1,292 ቤቶች ለባለ ዕድለኞች ተላለፉ። አርባ በመቶ ቆጥቦ ስድሳ በመቶ ከንግድ ባንክ መበደር ነበር የታሰበው። የጭቃ ክፍል የነበረበት ሰፈር የመኝታ ክፍል መቁጠር ጀመረ፤ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት። ጀማሪው አከራይም ተመልሶ መጣ፤ አሁን በዕቁብ ፋንታ ባንክ፣ በአጥር ፋንታ ፎቅ ይዞ።

፮

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስለን። በእ.ኤ.አ. 1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ የሠራተኛ ሚስቶች ኪራይ ጨመረብን ብለው አንከፍልም አሉ። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያው ዓመት ኪራይ እንዳይጨምር የሚያግድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ግን ሁሉንም ቤት አልነካም። ለግብር የተገመተው ዓመታዊ ዋጋው በለንደን እስከ 35 ፓውንድ፣ በስኮትላንድ እስከ 30፣ በሌላው አገር እስከ 26 ፓውንድ የሆነውን ቤት ብቻ ነው የነካው። የባለ ጠጋው ቤት ከመሥመሩ ውጭ ቀረ። እነሆ፣ የእነርሱ 35 ፓውንድና የኛ 100 ብር ዘመድ ናቸው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ይኖራል። ብዙ ሰው ባለበት ብሶት አለ፤ ብሶት ባለበት መንግሥት አለ። ስለዚህ ሕግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የትንሿ ክፍል በር ነው። «ትንሽ ቤት ሁልጊዜ ሰው አላት» የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ ግን ሰው ያላት ቤት ሕግም አላት።

በኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው፤ ውሉም መመዝገብ አለበት። ይህ ለጀማሪው ሒሳብ ምን ማለት ነው? የትንሿ ቤት አንዱ ጥቅም ተከራይ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥና በየለውጡ ኪራይ ከፍ ስለሚል ነበር። አሁን ያ ጥቅም ቀነሰ። ባለ ሦስት መኝታው ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ ድሮም ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ሕጉ ብዙም አይከብደውም። ስቱዲዮ ይዞ በየስድስት ወሩ ዋጋ ልለውጥ ያለ ግን ሒሳቡን ከመጀመሪያው መሥራት አለበት።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ታሪኩ «ይህን ግዛ» አይልም። ግን ሦስት ነገር ያስተምራል።

አንደኛ፣ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ከትንሽ ቢጀምር አይሳሳትም። የሰንጋ ተራ አከራዮች በአንድ በር ላይ ሕይወታቸውን ከመጣል አምስት በር መክፈታቸው ትክክል ነበር። ስቱዲዮ በሚገዛ ገንዘብ ላይ ከባድ ብድር ጨምሮ ባለ ሦስት መኝታ የገዛ ሰው አንድ በር ብቻ እንዳለው አይርሳ፤ ያ በር ለሦስት ወር ቢዘጋ ባንክ ሦስት ወር አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ቤትን በክፍል ብዛት ብቻ ሳይሆን በወረቀቱም መለካት ያስፈልጋል። ያቺ ባለ አምስት ክፍል ሴት ሒሳቧ ልክ ነበር፤ ያጠፋት ሒሳብ አይደለም። በሰንጋ ተራ ግሬደሩ በመጣ ቀን ልዩነት ያመጣው የክፍሉ ስፋት ሳይሆን ካርታው ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ከትንሽ ክፍል የሚገኝ ትርፍ ካልተሠራ ሽንት ቤትና ካልገባ ውሃ የመጣ ከሆነ፣ ያ ትርፍ ብድር ነው። ዛሬ ባይከፈል ነገ ይከፈላል። በ1967 ዓ.ም. አዋጁን ያወጣው መንግሥት ቢሆንም፣ ተከራዩ በእልልታ የተቀበለው ዝም ብሎ አይደለም። ኪራይ ከፍሎ ሰው የማያደርግ ክፍል ውስጥ የኖረ ሕዝብ፣ ክፍሉ ከባለቤቱ ሲወሰድ ለባለቤቱ አላለቀሰም። አምስት ክፍል ያከራየ ሰው የተቀበለው አምስት ቤተሰብ ነው። ይህን ቆጥሮ የገባ ጀማሪ በስቱዲዮም ይጀምር፣ በባለ ሦስት መኝታም ይጀምር፣ ቢያንስ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያዝንለት ጎረቤት ይኖረዋል።